ልጁ ቢሄድብንስ?

«ሦስት እጥፍ ማለት ሦስት እጥፍ ነው!» አለች ሥራነሽ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታ አድርጋ። «ደንቡ ሲጻፍ አንተም ነበርክ አንሙት። የሥራ አስኪያጁ ደመወዝ ከዘበኛው ደመወዝ ሦስት እጥፍ አይበልጥም ተባብለናል። ዘበኛው ስድስት መቶ ካገኘ ሥራ አስኪያጁ አሥራ ስምንት መቶ። እሱ ይደግ ካላችሁ ዘበኛውም አብሮ ይደግ። ይኼን የጻፍነው ጠላ ጠጥተን ነው?»

«ያኔ ሰባ ሦስት ሰው ነበርን» አለ አንሙት። የማኅበሩ ሊቀመንበር ነው፤ በይጁቤ ትልቁ የእህል መጋዘን የእሱ ነው፤ ቢናደድም ድምፁን ከፍ የማድረግ ልማድ የለውም። «የማኅበሩ ሣጥን አንቺ አልጋ ሥር ነበር የሚያድረው። ዛሬ አንድ ሺህ መቶ አርባ ሆነናል። እስከ መቼ ነው በአልጋ ሥር ደንብ የምንተዳደረው?»

«ሣጥኑ አልጋዬ ሥር ሳለ ሳንቲም ጎድሎ ያውቃል?»

«ማን ጎደለ አለሽ እህቴ?»

«ታዲያ አልጋዬ ምን አደረጋችሁ?»

መምህር ዓለምነው ሣቀና ሣቁን በሳል ሸፈነ። ሥራነሽ ዞር ብላ በተከፈተው በር ወደ ውጭ ተጣራች፤ «ደምለው! እዚህ ና እስቲ። በአንተ ደመወዝ ነው የምንጣላው።»

«እኔን አታግቡኝ እትዬ» አለ ዘበኛው ከደጅ። «እኔ የምጠብቀው በሩን ነው።»

የጥቅምት ቅዳሜ ነበር፤ ዓመቱ ሁለት ሺህ ስድስት። በማግስቱ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ የአደይ የቁጠባና ብድር ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ ይቀመጣል። አንሙት ለጉባኤው ያዘጋጀው የደንብ ማሻሻያ ሁለት ገጽ ብቻ ነው፤ በሁለቱ ገጽ ግን ማኅበሩ አሥራ አንድ ዓመት የቆመባቸው ሁለት አጥሮች ይፈርሳሉ። አንደኛው ያ የሦስት እጥፍ ነገር ነው። እሱ ይሰረዝና የሥራ አስኪያጁ ደመወዝ ሰባት ሺህ አምስት መቶ ይሆናል፤ በዚያ ላይ ማኅበሩ ከሚሰጠው ከእያንዳንዱ መቶ ብር ብድር ሃምሳ ሳንቲም ለእሱ ይታሰብለታል። ሁለተኛው የብድር ጣሪያው ነው። እስከ ዛሬ ማንም አባል ከሠላሳ ሺህ በላይ አይበደርም ነበር፤ ያንንም ቢሆን ሁለት ዋስ ጠርቶ፣ በኮሚቴ ታይቶ ነው። ከእንግዲህ ሥራ አስኪያጁ ብቻውን እስከ ሁለት መቶ ሺህ መፍቀድ ይችላል። አምና ቢሆን ይህን የሚከለክል ሰው ከወረዳ ይመጣ ነበር፤ ደንቡን አንብቦ፣ ደመወዙን አይቶ፣ ማኅተም አድርጎ ነበር የሚሄደው። ዘንድሮ ግን ያደጉ ማኅበራት የራሳቸውን ነገር በራሳቸው ጉባኤ ይወስኑ የሚል ደብዳቤ መጣ። አንሙት ደብዳቤውን በፕላስቲክ አልብሶ ግድግዳው ላይ ሰቅሎታል።

የቀረው የቁጥጥር ኮሚቴው አስተያየት ነው። ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። መምህር ዓለምነው ፈርሟል። ሥራነሽ ብትሞት አትፈርምም። ሦስተኛውና ሰብሳቢው ቄሰ ገበዝ ወልደ ሩፋኤል እስካሁን አልፈረሙም፤ ጭራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

«ብድር በሰጠ ቁጥር የሚከፈለው ሰው» አለች ሥራነሽ፣ «አይሆንም ማለትን ከየት ያመጣል? አንተው ንገረኝ የሺዋስ። ዝም አትበል፤ ስለ አንተ ነው የምናወራው።»

የሺዋስ ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጦ ወረቀት ያስተካክል ነበር። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ከማርቆስ ከተማ በሒሳብ አያያዝ ተመርቆ ከመጣ ሰባት ዓመት ሆነው። «እኔ ስለ ራሴ ምን እላለሁ እትዬ» አለ። «እናንተ የወሰናችሁትን እቀበላለሁ።»

«ይቀበላል!» አለ አንሙት። «አዎ፣ ይቀበላል። ተቀብሎም ይሄዳል። የማርቆሱ ባንክ ልጁን በደብዳቤ ጠርቶታል፤ ስምንት ሺህ ብር፣ የቤት አበል ሌላ። እስከ ጥቅምት መጨረሻ መልስ ስጠን ብለውታል። እሱ ቢሄድ ነገ ጠዋት እዚህ ወንበር ላይ ማንን ታስቀምጫለሽ? እኔን? አንቺን?» ከዚያ እስክሪብቶውን በወረቀቱ ላይ አድርጎ ቀስ ብሎ ወደ ቄሰ ገበዙ ገፋው። «አባ፣ የቀረው የእርስዎ ፊርማ ነው።»

ቄሰ ገበዙ የሺዋስን አዩት። የሺዋስ የወረቀቶቹን ጠርዝ በጠረጴዛው ላይ እየመታ እኩል ያደርግ ነበር፤ እኩል ሆነውም አላቆመም።

«ዛሬ አልፈርምም» አሉ። «ያለኝን ነገ በጉባኤው ፊት እናገራለሁ።»

ያላቸው ግን ሊናገሩት የማይችሉት ነገር ነበር።

በፍልሰታ ጾም በሁለተኛው ሳምንት የሺዋስ እቤቱ ጠርቷቸው ነበር። እንደ አብዛኛው የይጁቤ ሰው የነፍስ አባቱ እሳቸው ናቸው፤ ፊደልም ዳዊትም ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው። ተንበርክኮ፣ መስቀሉን ግንባሩ ላይ እንዳሳረፉለት፣ ውሸት አለብኝ አላቸው። ባንክ አልጠራኝም፤ ደብዳቤም የለም፤ ለአቶ አንሙት ግን አለ ብዬ ነገርኩት፤ እሱም ለሰው ሁሉ ነገረልኝ። ቄሰ ገበዙ ቀኖና ሰጡት፦ ሰባት ቀን በየቀኑ አርባ አርባ ስግደት፤ ከዚያም ሄደህ ለአንሙት እውነቱን ንገረው። የነገሩ መጨረሻ ይህ መስሏቸው ነበር። ልጁ ይናገራል፣ አንሙት ይቆጣል፣ ከዚያ ይረሳል።

ንስሐ ያወጣ ካህን ከክህነቱ እንደሚሻር ማንም ያውቃል። ደብረ ኤልያስ ያስተማሯቸው የኔታ ግን ከዚህም አጥብቀው ነበር የነገሯቸው፤ በቃል ብቻ አይደለም የሚወጣው፣ በጥቅሻም ይወጣል፣ ፊትን በማዞርም ይወጣል፤ ሰውየው ገበያ ላይ ዕቃ ሲሸጥ ብታገኘውና ከሌላው ሂድ ግዛ ብትል እንኳ አወጣኸው ማለት ነው ብለዋቸዋል። አርባ ዓመት ይህን ጠብቀዋል። ከባድ ሆኖባቸው አያውቅም ነበር። የሰው ኃጢአት ወደ ጆሯቸው ይገባል፣ ወደ እግዚአብሔር ያልፋል፣ እሳቸው ጋ አይቀመጥም። ከአምስት ዓመት በፊት ግን ጉባኤው የቁጥጥር ኮሚቴ ሲመርጥ ከአዳራሹ ጥግ አንዱ፣ «የሁላችን የነፍስ አባት እያሉ ማን ይቆጣጠር?» ብሎ ጮኸ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ከእሳቸው የሚሻል ታማኝ ሰው ማንም አልታየውም። ለእሳቸውም፣ እውነቱን ለመናገር፣ አልታያቸውም።

ከቢሮው ሲወጡ ሥራነሽ ተከተለቻቸው። አምሳ ዓመት አልፏታል፤ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ጤፍና ገብስ እያሻሻጠች አራት ልጅ አስተምራለች፤ ማንበብ የተማረችው ካገባች በኋላ ነው፤ ለዚህ ነው መሰል የተጻፈ ነገር ሲሰረዝ አይሆንላትም።

«አባ፣ ይቆዩማ» አለች። «እርስዎ የሚያውቁት ነገር አለ።»

«ምን አውቃለሁ?» ማለት ፈለጉ፤ ውሸት ይሆናል። ዝም ማለትም ፈለጉ፤ ዝምታውን ትተረጉመዋለች። «የጤፉ ነገር ዘንድሮ እንዴት ነው?» አሉ።

«እኔ ስለ ጤፍ ጠየቅሁዎ?» ቆም ብላ አየቻቸው። «እሺ። እርስዎን አላስጨንቅም። አንድ ሐሳብ መጥቶልኛል። ያቺ የእህቴ ልጅ፣ ሂዊ፣ ማርቆስ ባንክ ገብታ የለ? ደውዬ ልጠይቃት ወይ? እውነት ጠርተውት ከሆነ ትነግረኛለች። ምን ይላሉ?»

 ደውይ ማለት ማውጣት ነው። አትደውይ ማለት ደግሞ ከማውጣት የባሰ ነው።

«የራስሽ ስልክ ነው» አሉ።

ሥራነሽ ከመቀነቷ ውስጥ ስልኳን አወጣች። ከማኅበሩ አጥር ሥር፣ ኔትወርክ የሚይዝበት ቦታ ፈልጋ ቆመች፤ በይጁቤ አደባባይ እንደምትጮኸው ጮኸች። ቄሰ ገበዙ አምስት እርምጃ ርቀው ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ፤ ጆሯቸውን ግን ጀርባ ማድረግ አልቻሉም።

«የትኛው ባንክ? እኔ ምን አውቄ! ማርቆስ ስንት ባንክ አለ? … ሰባት? መቼ ነው ሰባት የሆነው? … በያንዳንዱ አይጠየቅም? … ኧረ ሥራ አስኪያጅ እንኳ ባይሆን … እሺ። እሺ። አንቺስ ደህና ነሽ? በልተሻል?»

ዘጋችው። «ሰባት ባንክ አለ አሉ» አለች። «የራሷ ቅርንጫፍ አልጠራም፤ ስለ ሌላው አላውቅም አለችኝ። ቅዳሜ ነው ብላ አፌ ላይ ልትዘጋብኝ ምንም አልቀራትም። ይቺን ያስተማርኩ እኔ ነኝ!» ሣቀች፤ ሣቋ ቶሎ አለቀ። «ግን ጠርተውት መሆን አለበት። አለዚያ እንዲህ ደፍሮ አያወራም፤ ልጁ ዓይን አፋር ነው።»

ቄሰ ገበዙ መስቀላቸውን አወጡና አሳለሟት።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቢሮው ተመለሱ። የሺዋስ ብቻውን ነበር፤ ለነገው ጉባኤ የአባላቱን ስም ዝርዝር ያትማል። ሲያያቸው ተነሥቶ ወንበር ሳበላቸው።

«እንደ ቁጥጥር አይደለም የመጣሁት» አሉት።

«እንደ ምን መጡ ታዲያ አባ?»

ይህን እሳቸውም አላወቁትም ነበር። ተቀመጡ። «ስግደቱን ሰገድክ?»

«ሁሉንም። ሁለት መቶ ሰማንያ።»

«ሁለተኛውንስ?»

የሺዋስ ሄዶ በሩን ዘጋ። ተመልሶ ሲቀመጥ ፊቱ ቀልቶ ነበር። «አባ፣ አምና እኮ ያለ ውሸት ለምኛቸዋለሁ። በማመልከቻ፣ በትሕትና። እርስዎም ነበሩ። 'ይጁቤ ውስጥ ገንዘብ ምን ይሠራልሃል፣ ሲኒማ የለ' ብለው ሣቁብኝ። እርስዎም ሣቁ።»

«ሣቅሁ» አሉ ቄሰ ገበዙ።

«ሰባት ዓመት ነው። ስመጣ ሦስት መቶ አባል ነበር። በክረምት ጭቃ ከቀበሌ ቀበሌ በእግሬ እየሄድኩ ነው አንድ ሺህ ያደረስኩት። የማይከፍል ተበዳሪ ደጅ ተቀምጬ ውሻ ነክሶኛል፤ ጠባሳውን ያውቁታል። አብረውኝ የተመረቁት ልጆች ማርቆስ ቤት ሠሩ። ደብዳቤው የለም እንጂ ድካሙ አለ። እኔ ዋጋዬን አልዋሸሁም አባ፤ የዋሸሁት ገዢ አለኝ ብዬ ነው።»

«ይኼንኑ ነገ ተናገር» አሉ ቄሰ ገበዙ ወደ ፊት ዘንበል ብለው። «ልክ አሁን እንደነገርከኝ። አጠገብህ እቆማለሁ። በሣቄም ይቅርታ እጠይቅሃለሁ፣ በሰው ሁሉ ፊት። ደመወዝህ ይደግ ብዬ እኔው እጄን አወጣለሁ።»

«ከዚያስ? ዋሽቶ ነበር የተባለ ሰው የሰው ገንዘብ ላይ ይቀመጣል? ያን ቀን ቁልፉን ይቀበሉኛል።»

ይህም እውነት ነበር። ቄሰ ገበዙ ጺማቸውን በእጃቸው ጨበጡ። «ከመቶው ሃምሳ ሳንቲምስ? እሱም ድካም ነው?»

«እሱ የእኔ አይደለም። የአቶ አንሙት ሐሳብ ነው።»

«አንሙት ለአንተ ምን ብሎ ያስባል?»

 የሺዋስ ከወንበሩ ተነሥቶ በሲሚንቶው ላይ በጉልበቱ ተንበረከከ።

«ተነሥ» አሉት። «ቢሮ ነው ይኼ።»

«ይኼንንም በንስሐ ይያዙልኝ አባ። ደንቡ በጸደቀ በሳምንቱ አንሙት ለራሱ ሁለት መቶ ሺህ ይወስዳል። ሌላ ሁለት መቶ በወንድሙ ስም፣ ሌላ ሁለት መቶ በአማቹ ስም። አይሱዙ የጭነት መኪና ሊገዛ ነው። እንድፈቅድለት ቃል አስገብቶኛል። ደመወዜን የሚያስጨምርልኝ በዚህ ነው።»

ቄሰ ገበዙ ከወንበራቸው ተነሥተው ወደ በሩ አንድ እርምጃ ተራመዱ። ሳይሰሙት ሊወጡ ፈልገው ነበር፤ ግን ሰምተዋል። ወደ ኋላ ሲመለከቱ ልጁ እንደተንበረከከ ነው፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ ያልቅስ ይፍራ አልለዩትም። ብልጠት ነው አለ ልባቸው፤ አፌን ሊቆልፍ ነው። እውነተኛ ጭንቀት ነው አለ ደግሞ። ሁለቱም ሊሆን ይችላል። የአርባ ዓመት ልማድ ያለው እጃቸው እሳቸውን ሳይጠይቅ መስቀሉን ከደረታቸው አወጣና የልጁ ራስ ላይ አሳረፈ።

«ነገ ተናገር» አሉት። «ቀኖናህ ይኸው ነው። ሌላ ቀኖና የለኝም።»

«እሺ አባ» አለ የሺዋስ። ይህን ሲል ቀና ብሎ አላያቸውም።

እሑድ ቅዳሴው እንዳለቀ ሕዝቡ ወደ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጎረፈ። ገጠሬው ዱላውን ይዞ በኋላ ወንበር፣ ከተሜው ከፊት፣ ሴቶቹ በመስኮቱ በኩል ተቀመጡ። በመድረኩ ጎን ደምለው የለስላሳ ሣጥኖችና ሁለት ድፎ ዳቦ ይጠብቃል። ቄሰ ገበዙ ሌሊቱን በማኅሌት ቆመው ነው ያደሩት፤ ቢሆንም ተስፋ ነበራቸው። ልጁ እሺ ብሏል።

የሺዋስ የዓመቱን ሪፖርት አቀረበ። ጥሩ አድርጎ አቀረበ፤ ለገበሬው በገበሬ ቋንቋ፣ ለነጋዴው በነጋዴ። የማኅበሩ ቁጠባ አራት ሚሊዮን ተኩል መድረሱን ሲናገር አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከዚያ ወረቀቱን አጠፈ። ቄሰ ገበዙ ከወንበራቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። የሺዋስ ውሃ ጠጣ፤ ብርጭቆውን አስቀመጠ፤ «አመሰግናለሁ» ብሎ ወረደ።

አንሙት ተነሥቶ ማሻሻያውን አነበበ፤ የባንኩንም ጥሪ ነገረ። አዳራሹ ውስጥ ማጉረምረም ሆነ። ሰባት ሺህ አምስት መቶ! አንድ ገበሬ ከኋላ፣ «በወር ነው በዓመት?» ሲል ሣቅ ፈነዳ።

ሥራነሽ እጇን አውጥታ ተራ ሳትጠብቅ ቆመች። «እኔ ልጁ አይጨመርለት አላልኩም» አለች። «ይጨመርለት፤ ይገባዋል። ግን ከዘበኛው ጋር ታስሮ ይደግ። ለምን? እላይ ያለው ሲያድግ እታች ያለውን እንዳይረሳ ብለን ነው ያሰርነው። ሁለተኛ፣ የብድሩን ጣሪያ አትንኩ። ሠላሳ ሺህ የተበደረ ሰው ባይከፍል እንጎዳለን፤ ሁለት መቶ ሺህ የተበደረ አምስት ሰው ባይከፍል ግን ማኅበሩ ራሱ የለም። የአንቺ አሥር አሥር ብር ነው የሚሄደው፣ ማሬ። የአንተም። ወረዳው ከእንግዲህ አይመጣም። ከእንግዲህ የሚጠብቀን ይኼ ደንብ ብቻ ነው።»

ደህና አድርጋ ተናገረች። ሴቶቹ በኩል ራስ ሲነቀነቅ ታየ። «አባ ይናገሩ!» አለ አንድ ድምፅ። «ቁጥጥሩ ምን ይላል?» «አባ!»

ቄሰ ገበዙ ተነሡ። ወደ የሺዋስ አልተመለከቱም። ሌሊቱን ሙሉ ከማኅሌቱ መሀል ያሰቡት መንገድ ይህ ነበር፦ ማንም ሊያየው የሚችለውን ብቻ እናገራለሁ፤ ከወረቀቱ ላይ ያለውን፤ ከጆሮዬ የገባውን ሳልነካ።

«ሥራነሽ የተናገረችው ልክ ነው» አሉ። «ልጆቼ፣ የሰው ልጅ በሚጠቅመው በኩል ያጋድላል። ብድር ሲሰጥ የሚጠቀም ሰው ብድር ያበዛል፤ እኔም ብሆን አበዛለሁ። ቄስ ነኝ ብዬ አልተርፍም። ለልጁ ደመወዝ እንጨምር፤ አምና ሲጠይቀን መጨመር ነበረብን፤ ሣቅንበት፤ አጠፋን። ግን ሁለቱን አጥሮች አናፍርስ። አንድ ሰው ብቻውን በአራት ሚሊዮን ብር ላይ እንዲወስን ማድረግ ለእሱም ፈተና ነው።»

አዳራሹ ጸጥ አለ። ጸጥታው የመስማማት ጸጥታ ነበር፤ ሰባኪ ናቸውና ይለዩታል። አንሙት አንገቱን ደፋ። ከኋላ አንድ ሁለት ሰው «እውነት ነው» አለ። ለአፍታ ያህል ቄሰ ገበዙ መሬቱ እግራቸው ሥር ሲጠነክር ተሰማቸው፤ ምንም ሳያወጡ፣ ማንንም ሳይከዱ ሊያልፉት ነው።

ያን ጊዜ አቶ እንዳላማው ተነሣ። ከመሥራቾቹ አንዱ ነው፤ ደግ፣ ተንኮል የማያውቅ ሽማግሌ። ዱላውን ተደግፎ፣ «አባቴ» አለ፣ «የነገሩን ሁሉ ገብቶኛል። እኔ እጄን ከእርስዎ ጋር አወጣለሁ። ግን አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ልጁ ቢሄድብንስ? እኛ ፊደል ያልቆጠርን ነን፤ ያለ እሱ ይኼን ሁሉ ገንዘብ ማን ይይዘዋል? እርስዎ የነፍስ አባቱ ነዎት፤ ልቡን ያውቁታል። ይሄዳል ወይስ አይሄድም?»

ሺህ ሰው ፊታቸውን ተመለከተ።

አይሄድም ማለት ይችላሉ። አንድ ቃል ናት። ያቺ ቃል ማኅበሩን ታድናለች፤ ያቺው ቃል ከዛሬ ጀምሮ በይጁቤ አንድ ሰው እንኳ መስቀላቸው ሥር ተንበርክኮ እውነቱን እንዳይናገር ታደርጋለች። አላውቅም ቢሉ ዋሹ። በመጨረሻ የሺዋስን አዩት፤ ልመና ነበር ያዩት፤ ተነሥና ራስህ መልስ። የሺዋስ ጣቶቹን እያየ ተቀምጧል። ከንፈሩ አንድ ጊዜ ተንቀሳቀሰ። አልተነሣም።

«ይኼን» አሉ ቄሰ ገበዙ፤ «ይኼን እኔን አትጠይቁኝ።»

ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ሕዝቡ እንባውን አየ።

«ወይኔ» አለች አንዲት ሴት በመስኮቱ በኩል። «ሊሄድ ነው።»

«ነግሯቸዋል። አታይም? እንዴት ይንገሩን!»

«በልባቸው ይዘውት ነው ለካ።»

«አይ፣ እኔ እንደዚያ ማለቴ …» አሉ ቄሰ ገበዙ፤ ከዚያም ቆሙ። እንደዚያ አላልኩም ማለት አይሄድም ማለት ነበር።  ወሬው ከወንበር ወንበር ሲሄድ፣ የኋላው ገበሬ ለጎረቤቱ ሲተረጉም፣ አዳራሹ ሲንጫጫ እያዩ ቆሙ። ሥራነሽ፣ «ይሂድ ቢሄድ! ሰው ይጠፋል?» ብላ ጮኸች፤ ማንም አልሰማትም። አቶ እንዳላማው በሐዘን ራሱን እየነቀነቀ ተቀመጠ።

አንሙት ብልህ ሰው ነው፤ ንግግር አልጨመረም። «እንግዲህ ድምፅ እንስጥ» አለ ረጋ ብሎ። «የምትደግፉ።»

እጅ እንደ ማሽላ ማሳ ቆመ። መምህር ዓለምነው መቁጠር ጀምሮ መሀል ላይ ተወው።

«የምትቃወሙ።»

ሥራነሽ አወጣች። ከኋላ ሁለት ገበሬዎች አወጡ፤ አንዱ ጎረቤቱን አየና መልሶ አወረደ። ቄሰ ገበዙ ቀኝ እጃቸውን አወጡ፤ መስቀሉ በእጃቸው ስለነበር አብሮ ወጣ። ሕዝቡ ሊባርኩ መስሎት ብድግ ብድግ አለ።

እልልታ ሆነ። አንሙት የሺዋስን እጅ ይዞ ወደ መድረኩ አወጣውና ለሕዝቡ አሳየው፤ «አይሄድም እንግዲህ!» ሲል አዳራሹ ሣቀ፣ አጨበጨበ። የሺዋስም ፈገግ አለ፤ ቀለሙ የአመድ ነበር። ደምለው ድፎውን መቁረስ ጀመረ። ሰዉ መስቀል ለመሳለም ወደ ቄሰ ገበዙ ተሰለፈ፤ ከአዳራሹ ጥግ እስከ ጥግ ሰልፍ ሆነ።

«እግዜር ይስጥልን አባ» አለ አቶ እንዳላማው መስቀሉን ግንባሩንና አፉን አስነክቶ። «ባይነግሩን እንኳ ነገሩን።»

«እንዳላማው፣ ስማኝ …»

«ገብቶኛል፣ ገብቶኛል። አይጨነቁ» ብሎ እጃቸውን መታ መታ አድርጎላቸው አለፈ።

ቀጣዩ መጣ። ከእሱም ቀጣዩ። እጃቸው ከግንባር ወደ አፍ፣ ከግንባር ወደ አፍ ይመላለሳል። «ይባርክህ። ይባርክሽ። ይባርክህ።» የሺዋስ ከመድረኩ ወርዶ በሰልፉ መጨረሻ ተሰልፎ እንደሆነ በሰዉ ትከሻ መሀል አዩት፤ ተራው እስኪደርስ ገና ብዙ ሰው አለ።

በመስኮቱ በኩል ሥራነሽ ከወንበሯ ተነሣች። ነጠላዋን አራግፋ ለበሰች። ድፎ የያዘ ሰው እንድታልፍ መንገድ ለቀቀላት፤ ቁራሽም ዘረጋላት፤ በእጇ ምልክት አይ አለችው። ወደ ቄሰ ገበዙ በኩል አልመጣችም። ሁለት ሴቶች እያወሩ በሩን ዘግተው ስለቆሙ ትንሽ ጠበቀቻቸው፤ ወሬያቸውን ሳያቋርጡ ገለል አሉላት፤ ወጣች።

«ይባርክህ» አሉ ቄሰ ገበዙ፤ ቀጣዩ ሰው ጎንበስ ብሎ ነበር።